አየር የሚበላው ብርሃን

ዓይን የማያየው፣ አየር የሚበላው፣
ከምንጩ ሳይርቅ መንገድ የሚቀር ነው
የምንፈልገው ብርሃን።
ብርጭቆ ይውጠዋል፣ ውሃም አይምረውም፤
ባዶነት ካልተነጠፈለት አንድ ክንድ አይሄድም።

እሱን ለመውለድ ነው፣ ከቀይ በታች ያለውን ሌዘር
በድንጋይ ሆድ አሳልፈን፣
እንደ ደብዳቤ ወረቀት፣
ስድስት እጥፍ የምናጥፈው።

የመጨረሻዋን እጥፋት የሚችል አንድ ድንጋይ ነበረ፤
እንደ ሽንኩርት እየተላጠ፣ ሳይወፍር የቀረ።
በሆዱም ቤሪሊየም አለ፤
ይጣፍጣል ይሉታል የቀመሱት ድሮ፣
ዱቄቱ ግን ሳንባ ውስጥ ይቀራል ሰፍሮ።

መምህር ዡዋንግ ሹዊሚንግን የሚያስለው እሱ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ምድጃ ሲጠብቅ የተነፈሰው።
ሲስል ወደ ግድግዳው ይዞራል፤
ያልሰማነው ይመስለዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሳዘው፣ ከሁሉ በፊት የጻፍኳት መስመር
«ቤሪሊየም ካለው፣ ተወው» የምትል ነበረች።
ሌላው ሁሉ ከእሷ በኋላ መጣ፦
ጥርት ያለ ይሁን፣ ብርሃኑን አይጠጣ፤
ብርሃን ሲገባበት ሁለት መንገድ ያውጣ፤
ቀኙ ከግራው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰል፤
ሚዛኑን የጠበቀ ውበት
ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሃያ አንድ ሺህ ቀመር አበጠርኩ፣ አንጠረጠርኩ፤
በሚን ወንዝ ላይ የጀልባ ጡሩምባ እየሰማሁ አደርኩ።
ፉጆ ከተማ ዝናብ ነው። ከመስኮቱ ማዶ
የዋርካ ዘመድ የሆነው ዛፍ፣
ሥሩን እንደ ጺም ከቅርንጫፉ አንጠልጥሎ
ያንጠባጥባል።
ሲነጋ አርባ ቀሩ። በሳምንቱ ሦስት።
በወሩ አንድ፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው፦
አራት ሺህ ስድሳ ስምንት።

መምህሩ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ፤
«ቁጥርሽ ብርሃንን ያውቃል፣ እሳትን ግን መች አወቀ?
ስሚ፣ ክሪስታል በደፋር እጅ አይበቅልም።
በቀን ግማሽ ዲግሪ ነው የምትቀንሺለት፤
እንደ ሌባ፣ ኮቴሽ ሳይሰማ፣
እሳቱ መጉደሉን ሳያውቅበት።»

ሰኔ ላይ ተሰነጠቀ። ሐምሌ ላይ እንደ ወተት ነጣ።
ነሐሴ ላይ አውሎ ነፋሱ ከባሕር መጣ፤
መብራት ጠፋ፣ ምድጃው ሳይታዘዝ በረደ፤
መምህሩም በቀጭን እርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል፣
መዝገቡ ላይ «አልተሳካም» ብሎ ጻፈና
በጎርፍ መሃል፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሄደ።

የፕላቲነሙን ስኒ ያጠብኩት ለማጠብ ያህል ነው።
ሙቅ ውሃ፣ ዝቃጭ፣ አሁንም ሙቅ ውሃ፤
ከሥሩ ግን አንዲት የምስር ክክ የምታህል፣
እንደ ጠል የጠራች፣ ማዕዘን ያላት፣
ጣቴን ወጋችኝ።

በቫክዩም ሳጥን ከተትናት፤ ሌዘሩ ተለኮሰ።
ምንም አልታየም።
መታየትም የለበት።
የቆጣሪው መርፌ ብቻ ነቅነቅ አለች፦
ጥቂት ነው፤ ሒሳቤ ካለው ሲሶው የጎደለ፤
ግን አለ።

«ብርሃኑ ምን ይመስላል?» አለኝ መምህሩ በማግስቱ።
«ማንም አላየውም» አልኩት።
ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ድንጋይቱን በወረንጦ አንስቶ፣ መዝገቡን ገልጦ፣
የዚያን ሌሊት መስመር ፈልጎ፣ እላዩ ላይ አኖራት፤
ማጉያውን ከዓይኑ አስጠግቶ ጎንበስ አለ።

«ፔይጄን፣ ነይ እይ።»

የእርሳሱ ጭረት ሁለት ሆኗል።
«አልተሳካም»፤ ከጎኑም፣ የፀጉር ያህል ፈንጠር ብሎ፣
«አልተሳካም»።

ሳቀ። ሳቁ ሳል አመጣበት፣ ረጅም ሳል፤
ጠረጴዛውን ይዞ፣ እኔን እያየ፣ ሳለ።
ያን ቀን ወደ ግድግዳው አልዞረም።